ባዶውን የተበላ መስቀል

አዘዞ፣ እህቴ በላይነሽ ቤት፣ የሳሎኗ መስኮት ላይ አንድ የተሰበረ ብረት ተቀምጧል። መጋረጃውን ነፋስ እንዳያነሳባት ጫፉን የምትጭነው በእሱ ነው። አራት ክንድ የነበረው ትንሽ መስቀል ይመስላል፤ አንዱ ክንዱ ግን ከሥሩ ተሰብሯል። እንግዳ ሲመጣ የጥንት ቅርስ እየመሰለው ሊሳለመው የሚያነሳ አለ። መጀመሪያ ክብደቱ ያስደነግጠዋል፣ ከዚያ ጣቱን ያሸታል። ስንት ዘመን ታጥቦ የግሪስ ሽታው አልለቀቀም።

ብረቱ የአባቴ ነው። እሷ ቤት በሄድሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ቅናት ከዕድሜ ጋር ያልፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚያልፍላቸው ሰዎች ይኖሩ ይሆናል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጎንደር ከተማ፣ አውቶ ፓርኮ በሚባለው ሰፈር ነበር። አባቴ የአንድ እህል ነጋዴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር። ማኪናው የኛ ባይሆንም የሚያድረው እኛ አጥር ሥር ስለነበር ከቤተሰቡ እንቆጥረው ነበር። አባቴ ሲመሽ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ ያደርግና ፋኖስ ይዞ ሥሩ ይገባል። ሁሉን አይቶ፣ እጁን በናፍጣ ታጥቦ ነው ወደ ቤት የሚመጣ። እናቴ፣ «ጣውንቴን ደህና እደሪ ብለሃት መጣህ?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እሷ ሁልጊዜ አትስቅም ነበር።

ቤታችን ናፍጣ፣ አዲስ ጆንያና የገብስ ብናኝ ይሸት ነበር። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ አንድ ቀን «ልብስሽ ማኪና ማኪና ይላል» አለችኝ። ስድብ መሆኑ አልገባኝም፤ ምስጋና መስሎኝ ስኮራ ዋልሁ። ሰፈር ውስጥ ጠጠር ስንጫወት እንኳ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር። የሌሎቹ ልጆች አባቶች በእግራቸው ነበር የሚመጡት፤ የኔ አባት ግን ገና ሳይታይ ይሰማል።

በላይነሽ የአባቴ ልጅ ናት። አባቴ እናቴን ሳያገባ በፊት አምባ ጊዮርጊስ ወልዷት፣ እናቷ ሌላ አግብታ ስትሄድ ከእሱ እናት ከአያታችን ዘንድ ቀረች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ስሟን ያወጣው አባቴ መሆኑን የሰማሁ ቀን ደስ አላለኝም። የኔን ስም ያወጣችው እናቴ ናት፤ የእሷን እሱ ራሱ «በላይነሽ» ብሎ ሰየማት። ከማን በላይ እንደሆነች የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ሁሉ የሚሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። አባቴ ጠዋት ማኪናውን ባዶውን ይዞ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ እህል ጭኖ ወደ ጎንደር ይወርዳል። ትምህርት ስለሌለ ጠዋት እኔን ጋቢና ውስጥ አስገብቶ ወለቃ፣ አክስቴ ቤት ያደርሰኛል። ባለ ማኪናው የሚኖሩት እዚያው ወለቃ ስለነበር፣ እኔ ስወርድ እሳቸውና ሚዛን ያዣቸው በኔ ቦታ ይገባሉ። የኔ መንገድ እዚያ ላይ ያልቃል። ከአክስቴ ጋር ውዬ ማኪናው ከመመለሱ በፊት በእግር እንመለሳለን።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባለ ማኪናውና ሚዛን ያዡ መጋዘን ለማስከፈት በአውቶቡስ ቀድመው ስለሚመለሱ ጋቢናው ሰፊ ነው። እዚያ ውስጥ ተቀምጣ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ከአባቴ ጋር የምትመጣው በላይነሽ ናት። እሑድን እኛ ዘንድ ትውልና ሰኞ በአውቶቡስ ወደ አያታችን ትመለሳለች። እንግዲህ እኔ ማኪናውን የማውቀው ባዶውን፣ እሷ የምታውቀው ጭኖ ነበር። ያኔ ይህ ለሁለታችንም አልታየንም።

ባዶው ማኪና ይንቀጠቀጣል። ዝግ ብሎ ሲሄድ ደህና ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ይጀምረውና ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ጥርሴ ይወጣል። አባቴ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል፣ አንገቱን ወደ ወለሉ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እኔ ስለ ትምህርት ቤት ልነግረው ስጀምር እጁን ከፍ ያደርጋል። ዝም በይ ማለቱ ነው። ወለቃ እስክንደርስ የሚሰማው እሱን ነው እንጂ እኔን አልነበረም። ስወርድ ግንባሬን ይስመኛል፤ ዓይኑ ግን ከማኪናው ሥር ነው።

ማታ በላይነሽ ስትመጣ ፊቷ ላይ የገብስ ብናኝ፣ እጇ ላይ ከአያታችን የተላከ ቆሎ ይዛ ነው። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እግሯን ታጥባታለች፣ ከኔ እኩል ታበላታለች። እኔ ግን የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር። መኝታችን ላይ ጎን ለጎን ስንተኛ፣ «መንገድ እንዴት ነበር?» እላታለሁ።

«ሸጋ ነበር። አባባ ሲዘፍን መጣ» ትለኛለች።

ሁልጊዜ መልሷ ያ ነው። አባቴ ቤት ውስጥ ዘፍኖ አያውቅም። ሠርግ ቤት እንኳ ያጨበጭባል እንጂ አፉን አይከፍትም። ምን እንደሚዘፍን ግን ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃት የሌለኝን ነገር ከእሷ እጅ እንደመለመን ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ለኔ የሚደርሰኝ ወደ ላይ የተነሳ እጅ፣ ለእሷ የሚደርሳት ዘፈን ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛለሁ።

አንድ ቀን ወለቃ ስወርድ የማኪናውን በር አልዘጋም ብዬ ቆምሁ። በጭነቱ መምጣት እፈልጋለሁ አልሁት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ባለ ማኪናው እየሳቁ «ይቺ ልጅ ሚዛን ያዥ ልትሆን ነው» አሉ። አባቴ ትንሽ አሰበና ለፋሲካ በዓል ሰሞን አያታችን ዘንድ እንደሚያደርሰኝ፣ ሲመለስም በበላይነሽ ቦታ እኔን ይዞኝ እንደሚመጣ ነገረኝ። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። በሩን ዘጋሁለት። ጾሙ እንደዚያ ዓመት ረዝሞብኝ አያውቅም።

ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንዱ ቅዳሜ ማኪናው በሰዓቱ አልመጣም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አያ መኩሪያ የሚባሉ የወገራ ገበሬ፣ ለባለ ማኪናው እህል የሚያቀርቡ ሰው፣ ደጃችን ላይ ቆሙ። በሌላ ማኪና ተሳፍረው መጥተው ኖሮ ይቸኩላሉ። ለእናቴ እንዲህ አሏት፦

«ሰውየው መስቀሉ ተሰብሮበት ኮሶዬ ላይ ቀረ። እንዳትጠብቁት።»

ይህን ብለው ሄዱ። እናቴ ሌላ ሳትጠይቃቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አባቴ አንገቱ ላይ ትንሽ የብር መስቀል ነበረችው፤ በሠርጋቸው ቀን ማተቡ ላይ ያሰረችለት እሷ ናት። መስቀሉ ተሰበረ፣ ሰውየው ገደል አፋፍ ባለበት አገር መንገድ ላይ ቀረ፣ እንዳትጠብቁት። ይህን ሰምቶ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው ጎንደር ውስጥ አይገኝም ነበር። እናቴ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ ጎረቤቶች መጡ፤ አንዷ ሌላዋን እየጠራች ግቢው ሞላ።

እኔም አለቀስሁ። እያለቀስሁ ግን የመጣብኝን ሐሳብ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። በላይነሽ አብራው ናት። የመጨረሻውን ዘፈን የሰማችው እሷ ናት።

የነፍስ አባታችን ተጠርተው መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ለቅሶውን ጥቂት አዳመጡና ሬሳውን ያየ ሰው እንዳለ ጠየቁ። የለም። ቦታው የሄደ ሰው እንዳለ ጠየቁ። የለም። «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ነው። ለመሆኑ የተሰበረው የትኛው መስቀል ነው?» አሉ። ይህን የጠየቀ አልነበረም።

በዚህ መሀል አንድ የጭነት ማኪና ከአጥሩ ውጭ ቆመና ከላዩ ሁለት ሰዎች ወረዱ። አባቴ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፤ በላይነሽ ቀሚሷ በግሪስ ተበላሽቷል። አባቴ ግቢውን ሙሉ ሰው፣ ቄሱን፣ የእናቴን ነጠላ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው? ማን ነው የሞተው?» አለ።

ጎረቤታችን እትዬ አበቡ እንባዋን እየጠረገች፣ «አንተ ነህ» አለችው።

እናቴ ተነስታ ሮጠችና የሸሚዙን አንገት ይዛ ማተቡን ሳበች። መስቀሏ ደህና ናት። ያን ጊዜ ደረቱን በጡጫ መታችው፣ ከዚያ ያንኑ ደረት ተደግፋ አለቀሰች። አባቴ ከኪሱ ያን ብረት አውጥቶ ለሰው ሁሉ አሳየ። ጋራዥ ክሮቼራ ይሉታል። አያ መኩሪያን የላካቸው «ክሮቼራው ተሰብሯልና መንገድ ላይ ቀርቻለሁ በላቸው» ብሎ ነበር። ምንድን ነው ቢሉት መስቀል የሚመስል ብረት ነው ብሏቸዋል። ክሮቼራ የሚለው ቃል አፋቸው ላይ አልዞር ሲላቸው የሚያውቁትን ይዘው መጡ። «መስቀሉ ተሰበረ ማለታቸው ልክ ነው፤ ብቻ የማኪናው መስቀል ነው» አለ አባቴ። ሳቁ ከለቅሶው ይልቅ ጮኸ። አያ መኩሪያ ከዚያ በኋላ ሰፈራችን በመጡ ቁጥር «ዛሬስ ማን ተሰበረ?» እየተባሉ ይጠየቁ ነበር።

ለለቅሶ የመጣ ሰው ወሬ ሳይሰማ አይሄድም። እንዴት እንደተሰበረ ሲጠይቁት አባቴ አጥሩ ላይ የተደገፈ አንድ ዘንግ አመጣ። የዘንጉን አንድ ጫፍ በላይነሽን በትከሻዋ ልክ፣ ሌላውን ጫፍ እኔን በወገቤ ልክ አስያዘን። በላይነሽን «አንቺ ከፊት፣ ከሞተሩ ጋር ያለሽው ካምቢዮ ነሽ» አላት። እኔን «አንቺ ከኋላ ጎማ መሀል ያለሽው ዲፈረንሻል ነሽ» አለኝ። ለምን እሷ ከፊትና ከላይ፣ እኔ ከኋላና ከታች እንደሆንሁ ጠየቅሁት። ሰው ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ «ጎማውን የሚያዞረው ማን ይመስልሻል?» አለኝ።

ከዚያ አስረዳ። ዘንጉ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ብረት ነው። በሁለቱም ጫፍ እንደ ጉልበት የምትታጠፍ መስቀል አለችው። ማኪናው ሲጭን ወገቡ ይወርዳል። ይህን ሲል እጁን በላይነሽ ትከሻ ላይ አድርጎ ተጫናት፤ ጉልበቷን ስታጥፍ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ተስተካከለ። «ጭነት ሲኖር እንዲህ ነው። ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፣ መስቀሏም ብዙ አትታጠፍም፣ ማኪናው ጸጥ ይላል።» እጁን ሲያነሳላት በላይነሽ ብድግ አለች፤ ዘንጉም ወደኔ አዘቀዘቀ። «ባዶ ሲሆን ደግሞ ይኸው። ጎበጠ። በዞረ ቁጥር መስቀሏ ትታጠፋለች፣ ትቃናለች፣ ትታጠፋለች፣ ትቃናለች። መንቀጥቀጡ እሱ ነው።» እንደገና ሲጫናት፣ አሁን ከልክ በላይ፣ በላይነሽ እየሳቀች በጉልበቷ ወደቀች፤ ዘንጉ ወደ እሷ አዘቀዘቀ። «ከልኩ ያለፈ ጭነትም ወዲያኛው ያጎብጠዋል» አለ።

ጥፋቱ የት እንደሆነም ተናገረ። ባለ ማኪናው ብዙ ለመጫን ብለው ባሌስትራው ላይ፣ ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት ላይ፣ ሌላ ንጣፍ አስጨምረውበት ነበር። ስለዚህ ማኪናው ሲጭን ሸጋ ሆነ፤ ባዶውን ግን ወገቡ ከልክ በላይ ከፍ አለ። «ባዶውን ሲሄድ ተበላ፣ ጭኖ ሲሄድ ተሰበረ። ጭነት የለመደ ነገር ባዶውን ነው የሚያልቀው» አለ አባቴ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የገባኝ። እጁን የሚያነሳብኝ ለምን እንደሆነ፣ ከኔ ጋር ለምን እንደማይዘፍን ገባኝ። ነገር መግባት ግን ቅናትን አይነቅልም። እንዲያውም ሥር አበጀለት።

ሰው ሲበተን አባቴ ብረቱን አገላብጦ አየና ለበላይነሽ ሰጣት። ኮሶዬ ላይ ሲሰበር ሣር ውስጥ የወደቀውን ፈልጋ ያገኘችው እሷ ናት፤ ያገኘ ይወስዳል አለ። በዚያን ቀን ሞቶ ለተነሳ አባት፣ ቁራጭ ብረት ቀረብኝ አይባልም።

የፋሲካው ጉዞ ቀረ። ማኪናው እስኪሠራ በዓሉ አለፈ። አባቴ የተጨመረው ንጣፍ ይውጣ ቢል ባለ ማኪናው እንቢ አሉ፤ ሌላ ሹፌር አመጡ፣ እሱም በከተማው ውስጥ ጋራዥ ገብቶ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ቤት ይገባ ነበር፣ እናቴም ጣውንቷን ረሳች። እኔ ግን ጭኖ ከሚመጣ ማኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ አባቴን ሲዘፍን ሳልሰማ ቀረሁ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሥራ ስይዝም፣ ስዳርም፣ ስወልድም ይህ ነገር ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

አባታችን አርጅቶ ሲታመም በላይነሽ እኔ ቤት መጥታ ተቀመጠች። እሷ ከራስጌ እኔ ከግርጌ ሆነን አነሳነው፣ አጠብነው፣ አገላበጥነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። እኩል ነበርን። ከተቀበረ በኋላ እሷ ወደ ቤቷ ለመሄድ ዕቃዋን ስትሸክፍ አየሁ፤ ብረቱን ይዛው መጥታ ኖሯል፤ በነጠላ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው ያ አሮጌው መንቀጥቀጥ ከወለሉ ሥር ተነሳ።

በቀደም አዘዞ ሄጄ ነበር። እሷ ውኃ ልታመጣ ስትነሳ ብረቱን አነሳሁት። ያን ያህል ዓመት እያየሁት በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር። ከቀሩት ክንዶች አንዱ ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ቀጫጭን መስመሮች ነካሁ፤ ብረት ብረትን እየበላው የተቦረቦረ ነው። በላይነሽ ተመልሳ ስታየኝ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ።

«ይህ የኔ ነው። ስብራቱ ያንቺ፤ የተበላው ግን በኔ መንገድ ነው» አልኋት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። ቀረብ ብላ መስመሮቹን በጥፍሯ ዳሰሰች፣ ግራ ገባት። ያ ማኪና ተንቀጥቅጦ እንደማያውቅ ነገረችኝ። እንደ አልጋ ነበር አለች፤ አንድ ጊዜም እንቅልፍ ሳይወስዳት ኮሶዬን አልፋ አታውቅም ነበር። ዘፈኑስ፣ አልኋት። ስልሳ ዓመት ያልጠየቅሁትን ያን ጊዜ ጠየቅሁ። ምን ነበር የሚዘፍነው?

በላይነሽ ውኃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መጋረጃውን አስተካከለች። ከዚያ በዚያ አሮጌ ድምፅዋ፣ ዜማውን ሳትለቅ አለችው፦

«ዳገቱን ወጣሁት፣ ቀረኝ ቁልቁለት፣
ደጃፍ ላይ ቆማለች የኔዋ ታንጉት።»

ታንጉት እኔ ነኝ።

ከአምባ ጊዮርጊስ ተነስቶ እንቅልፍ እስኪወስዳት ይህን ነው የሚለው አለችኝ። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ። ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ አልኋት።

«ቀንቼ ነዋ። አንቺ የጋቢና ቦታዬን አይተሽ ስትቀኚ፣ እኔ ስምሽን እየሰማሁ ነው ያደግሁ» አለች።

ብረቱን መስኮቱ ላይ መልሼ መጋረጃውን ጫንሁበት። የተበላው ክንድ ወደ ሳሎኑ፣ ስብራቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አዙሬ አስቀመጥሁት። አየችኝ፣ አላስተካከለችውም።

ዛሬ የአምባ ጊዮርጊስ መንገድ አስፋልት ነው። ማኪኖቹ ረጃጅሞች ናቸው፣ ሹፌሮቹ ጆሯቸው ላይ ገመድ ሰክተው ያልፋሉ፤ ለራሳቸው ሲዘፍኑ አልሰማሁም። ድሮ ልጅ ደጃፍ ላይ ቆሞ የአባቱን ማኪና በድምፁ ይለይ ነበር፤ አሁን ልጅ የሚለየው በስልክ ነው፣ መድረሱንም ከመድረሱ በፊት ያውቃል። አይከፋም። ለቅሶ የሚያስቀምጥ መልእክተኛ የለም።

ያን ዕለት ከእህቴ ቤት ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ባዶ የጭነት ማኪና መጣ። ከሩቅ አወቅሁት፤ ከሥሩ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ የቆመች ወጣት ሴት ሰዓት ጠየቀችኝ። ሳላስበው እጄን ከፍ አድርጌ ዝም አሰኘኋት። ማኪናው አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ አንገቴን ዘንበል አድርጌ አዳመጥሁ።